ጭሱንና ከጭሱ በታች ያለውን መለየት፦ የታጠነና ያልታጠነ የስኮትላንድ ሲንግል ማልት ውስኪ አቀማመስ ዝርዝር መመሪያ

በፒት ጭስ የታጠነ የስኮትላንድ ውስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ነው የሚለው፤ ወይ «ይሄ የሐኪም ቤት ሽታ ነው» ብሎ ብርጭቆውን ያርቀዋል፣ ወይ ከዚያ በኋላ የሚቀርብለት ሌላ ውስኪ ሁሉ ውሃ ውሃ ይለዋል። ሁለቱም ፍርዶች የችኮላ ናቸው። ጭሱ ቀድሞ አፍንጫን ስለሚይዝ ከበታቹ ያለው የገብስ፣ የፍራፍሬና የበርሜል ጣዕም ሳይታወቅ ይቀራል፤ ያልታጠነውም ቢሆን ጭስ እንደሌለበት ብቻ ተነግሮለት ይታለፋል እንጂ በራሱ ምን እንደያዘ አይጠየቅም። ይህ መመሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በሥርዓት አሽትቶና ቀምሶ ልዩነታቸውን በቃል ማስፈር እንዴት እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። የሥራው ግማሽ የሚያልቀው ጠርሙስ ሲመረጥ ስለሆነ፣ አንባቢው ወደ ብርጭቆው ከመቸኮሉ በፊት የሚቀጥሉትን ሁለት ክፍሎች እንዳይዘላቸው እመክራለሁ።

ጭሱ ከየት ይመጣል፣ ቁጥሩስ ምን ይነግረናል

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የስኮትላንድ ውስኪ ደንብ እንደሚለው ሲንግል ማልት ማለት ሌላ እህል ሳይገባበት ከገብስ ብቅል ብቻ በአንድ ማንጠሪያ (የውስኪ ፋብሪካ) ውስጥ ተጠምቆ የተነጠረ፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ስኮትላንድ ውስጥ ቢያንስ 3 ዓመት የቆየ፣ የአልኮል መጠኑም ከ40 በመቶ ያላነሰ ውስኪ ነው። ብቅሉ በጭስ ይድረቅ ወይም በሞቃት አየር፣ ይህን ደንቡ ለአምራቹ ይተወዋል። ልዩነቱ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ፒት የሚባለው በረግረጋማ ቦታ የሚበቅሉ እጽዋት ውሃ ስለሚተኛባቸው አየር አጥተው፣ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብሱ ለሺህ ዓመታት እየተደራረቡ የሠሩት ጥቁር ቡናማ አፈር ሲሆን፣ በዓመት የሚጨምረው በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እየተቆረጠ ከደረቀ በኋላ እንደ ኩበት ይነዳል። ዛፍ ብርቅ በሆነባቸው የስኮትላንድ ደሴቶች ሰዎች ለዘመናት ቤታቸውን ያሞቁትም፣ ብቅላቸውን ያደረቁትም በእርሱ ነበር። ገብሱ ተዘፍዝፎ ካቆጠቆጠ በኋላ ገና እርጥብ ሳለ የፒት ጭስ ሲታጠን፣ ፌኖል የሚባሉ ውህዶች ከገለባው ላይ ይጣበቃሉ፤ ከዚያም በድፍድፉ፣ በመንጠሩና በበርሜሉ ውስጥ አልፈው እስከ ብርጭቆው ድረስ ይደርሳሉ። ብቅሉ አንዴ ከደረቀ በኋላ ግን ጭሱን እንደ መጀመሪያው አይቀበልም፤ ስለዚህ የጭሱ መጠን የሚወሰነው በእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

ጭሱ የሚለካው በአንድ ሚሊዮን ክፍል ብቅል ውስጥ ስንት ክፍል ፌኖል እንዳለ በሚገልጽ ቁጥር ነው። አርድቤግ የተባለው ማንጠሪያ ብቅል 55 አካባቢ፣ የላፍሮይግ ማንጠሪያ 40 አካባቢ ሲሆን፣ ኦክቶሞር የተባለው ውስኪ በአንድ እትሙ 309 ደርሷል። ገዢዎች ይህን ቁጥር እንደ በርበሬ መጠን አድርገው ሲያነቡት እሰማለሁ፤ እኔ ግን ብዙ ባይተማመኑበት ይሻላል ባይ ነኝ። አንደኛ፣ ቁጥሩ የተወሰደው ከብቅሉ እንጂ ከጠርሙሱ አይደለም፤ ከፌኖሉ ከፍ ያለው ክፍል በድፍድፉና በመንጠሩ ሂደት ይቀራል። ሁለተኛ፣ ፌኖሎች ከማንጠሪያው ዘግየት ብለው ስለሚወጡ፣ ባለሙያው ለበርሜል የሚሆነውን ፈሳሽ መቀበል የሚያቆምበት ቅጽበት ጭሱን ያበዛዋል ወይም ያሳንሰዋል። ሦስተኛ፣ ጭሱ በበርሜል ውስጥ ከዓመታት ጋር እየለዘበ ይሄዳል። አይላ በተባለችው ደሴት የሚገኙት ላጋቩሊንና ኮል ኢላ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው፤ ሁለቱም ብቅላቸውን የሚያገኙት ከአንድ የብቅል ፋብሪካ፣ ከፖርት ኤለን፣ በተቀራራቢ የፌኖል መጠን ሆኖ ሳለ፣ የመጀመሪያው ወፈር ያለና ከባድ ጭስ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቀለል ያለና የጠራ ጭስ ይሰጣሉ።

ደረጃ 1፦ ጥንዱን መምረጥ

ብዙ ሰው የሚሠራው ንጽጽር ያልታጠነውን ግሌንፊዲክ 12ን ከታጠነው ላፍሮይግ 10 ጋር ማቅረብ ነው (ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ውስኪው በበርሜል የቆየበት ዓመት ነው)። ልዩነቱ በእርግጥ ይሰማል፤ ነገር ግን የሁለቱ ማንጠሪያዎች ቅርጽ፣ አካባቢ፣ ፒትና በርሜል ሁሉ ስለሚለያይ፣ የሚሰማው ነገር ከጭሱ ይሁን ከሌላው መለየት አይቻልም። ሌላ አማራጭ ከሌለ ይህም ይሁን፤ የሚሻለው ግን አንድ ማንጠሪያ የታጠነና ያልታጠነ ብሎ ለይቶ የሚያወጣቸውን ሁለት ውስኪዎች መፈለግ ነው። እንዲህ ያሉ ማንጠሪያዎች ደግሞ አሉ።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው ከአይላ ደሴት የብሩክላዲን ጥንድ ነው። ክላሲክ ላዲ የተባለው ያልታጠነ ሲሆን፣ ፖርት ሻርሎት 10 ደግሞ በዚያው ማንጠሪያ፣ በስኮትላንድ ገብስ፣ በ40 የፌኖል መጠን ከታጠነ ብቅል ይወጣል። ሁለቱም 50 በመቶ አልኮል አላቸው፤ ሁለቱም ቀለም አይጨመርባቸውም፣ በቅዝቃዜም አይጣሩም (ደመና እንዳይሠራ ተብሎ ቀዝቅዞ መጣራት ማለት ነው)። የበርሜሎቻቸው ስብጥር ፍጹም አንድ አይደለም፤ ክላሲክ ላዲ ዕድሜው በጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም፤ ቢሆንም በገበያ ላይ ከሚገኙት ጥንዶች ሁሉ ጭሱን ብቻ የሚያጋልጥ ከዚህ የቀረበ ብዙም አላውቅም። የአልኮላቸው እኩል መሆን ኋላ ላይ ለሚመጣው መልመጃም ይጠቅመናል።

ሁለተኛው ጥሩ ጥንድ ከዚያችው ደሴት የቡናሃቨን ነው። ቡናሃቨን 12 ያልታጠነ፣ ቶቻክ አ ጋ ደግሞ የታጠነ ሲሆን ሁለቱም 46.3 በመቶ ናቸው። በሁለቱም የሼሪ ወይን በርሜል ስላለበት የዘቢብና የለውዝ ጣዕም ጣልቃ ይገባል፤ ይህ ለጀማሪ ያስቸግራል፣ ለለመደ ግን ጭስና ሼሪ እንዴት እንደሚጋፉ ያሳያል። ብሩክላዲና ቡናሃቨን የሚያርሙት አንድ የተለመደ ስሕተትም አለ፤ «የአይላ ውስኪ ሁሉ ጭስ ነው» የሚባለው እውነት አይደለም።

ከደሴቶቹ ወጣ ብሎ፣ በካምቤልታውን ያለው ስፕሪንግባንክ ሦስት ዓይነት ውስኪ ያወጣል፤ ያልታጠነውና ሦስት ጊዜ የሚነጠረው ሄዘልበርን፣ በመጠኑ የታጠነው ስፕሪንግባንክ፣ ብቅሉ እስከ 48 ሰዓት ድረስ በፒት ጭስ የሚደርቀውና ሁለት ጊዜ የሚነጠረው ሎንግሮው ናቸው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እጅግ ደስ ይላሉ፤ ሆኖም የሚነጠሩበት ቁጥር ስለሚለያይ ሄዘልበርን የቀለለው ጭስ ስለሌለው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በስፔይሳይድ የሚገኘው ቤንሪያክም ኦሪጂናል ቴንና ስሞኪ ቴን የተባሉ ሁለት ውስኪዎች አሉት። የቤንሪያክ ፒት ከመሀል አገር የመጣ ስለሆነ ጭሱ የባሕርና የመድኃኒት ሽታ የለውም፤ ወደ እንጨት ጭስ ያደላል። ይህንን ከፖርት ሻርሎት ጋር ማስተያየት ስለ ፒት ዓይነት ብዙ ያስተምራል፤ ግን የሁለተኛ ቀን ሥራ ነው።

ሁለት ሙሉ ጠርሙስ መግዛት ኪስ ይጎዳል። ሦስት አራት ሆኖ ማዋጣት፣ ወይም የ5 ሳንቲ ሊትር ትንንሽ ጠርሙሶችን መፈለግ ያዋጣል። በግዢ ጊዜ መለያው ላይ ያለውን የአልኮል መጠን ሳያነቡ አይውሰዱ፤ አንድ ስም ያለው ውስኪ በየአገሩ ሊለያይ ይችላልና። ለምሳሌ አውሮፓ ውስጥ የሚሸጠው ላፍሮይግ 10 አልኮሉ 40 በመቶ ሲሆን፣ አሜሪካ ያለው 43 በመቶ ነው። በቀለም ግን አይመዝኑ። ጭስ ውስኪን አያጠቁርም፤ ደንቡም በካራሜል ማቅለምን ስለሚፈቅድ፣ ጠቆር ያለው ውስኪ የበለጠ የታጠነ ነው የሚለው ግምት መሠረት የለውም።

ደረጃ 2፦ ክፍሉ፣ ብርጭቆውና መጠኑ

ክፍሉ ሽታ የሌለበት ይሁን፤ ዕጣን የተጨሰበት፣ ቡና የተቆላበት ወይም ወጥ የተሠራበት ቤት በዚያ ሰዓት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሽቶ አይቀቡ፤ እጅዎንም መዓዛ በሌለው ሳሙና ታጥበው በደንብ ያለቅልቁ። ቅመም የበዛበት ምግብ ከበሉ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ፤ ባዶ ሆድ ግን አይሁኑ።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ የቀረበው ግሌንኬርን የተባለው ብርጭቆ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከሌለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። ሰፊ አፍ ያለው የተለመደው የውስኪ ብርጭቆ ሽታውን ስለሚበትነው ለማነጻጸር አይመችም። በረዶ አይግባ፤ ቅዝቃዜ ሽታን ያፍናል።

በእያንዳንዱ ብርጭቆ 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ይቅዱ። ይህ መጠን በ50 በመቶ አልኮል ሲሰላ 7.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይሆናል፤ ከአራት ብርጭቆ በላይ ከቀመሱ ምላስም ፍርድም ይደክማሉ። ባዶ ኩባያ ለመትፊያ ያቅርቡ። በቡና ቅምሻ የሠለጠኑ ባለሙያዎቻችን በቀን ብዙ ሲኒ እየመጠጡ የሚተፉት በንቀት እንዳልሆነ ሁሉ፣ እዚህም መትፋት የሥራው ክፍል ነው። መኪና የሚያሽከረክር ሰው ከተፋ በኋላም ቢሆን ለራሱ ሌላ ሾፌር ያዘጋጅ።

ብርጭቆዎቹን በትንሽ የሻይ ሳህን ከድነው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩዋቸው። ከዚያ ያልታጠነውን በግራ፣ የታጠነውን በቀኝ ያድርጉ። ከሁለት በላይ ከሆኑ በጭስ መጠናቸው ከቀላል ወደ ከባድ ይደርድሩ፤ ጭሱ እኩል ከሆነ ደግሞ በአልኮል መጠን።

ደረጃ 3፦ ማሽተት

አብዛኛው ሥራ እዚህ ያልቃል፤ ምላስ የሚለየው ጥቂት ነገር ነውና። ያልታጠነውን ብርጭቆ ይክፈቱና እንደ ወይን አያሽከርክሩት፤ ሲሽከረከር አልኮሉ ተነሥቶ አፍንጫን ይመታል። በመጀመሪያ ከአገጭዎ ዘንድ ያዙት፤ አፍዎን ገርበብ አድርገው በቀስታ ይተንፍሱ፤ ከዚያ ወደ ከንፈር፣ በመጨረሻም ወደ አፍንጫ ያቅርቡት። አፍን ገርበብ ማድረጉ ትንሽ ነገር ቢመስልም የአልኮሉን መለብለብ በጣም ይቀንሳል። በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ካሸተቱ በኋላ በሌላው ይሞክሩ፤ አንድ ዓይነት አይሸቱም።

ያልታጠነ ውስኪ ውስጥ የሚፈለጉት ሦስት ዓይነት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከእህሉ የሚመጣው ነው፤ የቆሎ፣ የዱቄት፣ የብስኩት ሽታ። ሁለተኛው ድፍድፉ ሲፈላ እርሾው የሚፈጥረው ነው፤ የፖም፣ የፒር ወይም የሙዝ ሽታ። ሦስተኛው ከበርሜሉ ነው፤ ቦርበን የተባለው የአሜሪካ ውስኪ ከነበረበት በርሜል ቫኒላና ኮኮናት፣ ሼሪ ከነበረበት ደግሞ ዘቢብና የደረቀ ፍራፍሬ ይመጣል። ክላሲክ ላዲ ላይ እኔን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያገኘኝ የገብስ ጣፋጭነትና ትንሽ የሎሚ ልጣጭ ነው። ሌላ ነገር ከሸተተዎት የእርስዎ ትክክል ነው፤ ዋናው ነገር ይህን ብርጭቆ በሚገባ መዝግቦ መያዝ ነው፤ ምክንያቱም በሚቀጥለው ብርጭቆ ውስጥ የሚፈለገው ይኸው ከጭሱ በታች የተቀመጠው ነገር ነው።

አሁን ወደ ታጠነው ይለፉ። የመጀመሪያው ማሽተት ለጭሱ ይሁን፤ «ጭስ» ብለው ብቻ ግን አይለፉት፤ የምን ጭስ እንደሆነ ይጠይቁ። በዚህ ጉዳይ የአማርኛ ተናጋሪ አፍንጫ ትልቅ ሀብት አለው። በወይራ የታጠነ የእርጎ ዕቃ ወይም የጠላ እንስራ ሽታ የሚያውቅ ሰው፣ ጓያኮል የተባለው ውህድ የሚሰጠውን ጣፈጥ ያለ የእንጨት ጭስ ወዲያው ይለየዋል፤ ከሬዞል የሚባሉት የሬንጅና የቅባት እንጨት ሽታ ይሰጣሉ፤ ራሱ ፌኖል ደግሞ የክሊኒክ ኮሪደር፣ የቁስል ማጠቢያና የፋሻ ሽታ ነው። ከእነዚህ ሌላ አመድ፣ የጠፋ ክብሪት፣ የተጨሰ ዓሣ፣ የባሕር አረም የሚሉ ቃላት ከአይላ ውስኪዎች ጋር ደጋግመው ይነሣሉ። የእኛው ቋንጣም ብዙ ጊዜ በትክክል ይገልጻቸዋል። በፖርት ሻርሎት ከክሊኒኩ ይልቅ ከሰልና አመዱ ያመዝናሉ፤ ላፍሮይግ ላይ ተቃራኒው ነው።

ጭሱን ከጻፉ በኋላ ብርጭቆውን አስቀምጠው አንድ ደቂቃ ያህል ንጹሕ አየር ይሳቡ። አፍንጫ ተደጋግሞ የመጣበትን ሽታ ቶሎ ይለምዳል፤ ይህ በሌላ ጊዜ እንቅፋት ነው፣ እዚህ ግን መሣሪያ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲያሸቱ ጭሱ ወደ ኋላ ይልና ከሥሩ ፖሙ፣ ማሩ ወይም ቫኒላው ብቅ ይላል። ከክላሲክ ላዲ የመዘገቡትን አንድ በአንድ እያነበቡ፣ በታጠነው ውስጥ እያንዳንዱ አለ ወይስ የለም ብለው ምልክት ያድርጉ። የትኛው እንደቀረ፣ የትኛው እንደተዳፈነ፣ የትኛው ደግሞ ጭሱ እንዳጎላው የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ጣፋጩ ብዙ ጊዜ ይጎላል፤ ስሱ የአበባና የሣር ሽታ አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል።

ደረጃ 4፦ መቅመስ

ያልታጠነውን ፉት ይበሉ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የመጀመሪያው ጉንጭ ለአፍ ማስለመጃ እንጂ ለፍርድ አይደለም፤ አልኮሉ ምላስን ሲያስደነግጥ የሚሰማው ነገር ሁሉ ማቃጠል ነው። በሁለተኛው ጉንጭ ፈሳሹን በምላስ ላይ ለ10 ሰከንድ ያህል ያመላልሱት፤ ቅባትነቱን፣ ቅለቱን፣ ጣፋጭነቱን ይመርምሩ። ከዋጡ ወይም ከተፉ በኋላ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫ ወደ ውጭ ይተንፍሱ። ጭስ በትክክል የሚታወቀው በዚህ እስትንፋስ ነው፤ ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ የሚመለሰው አየር ማሽተት ያልቻለውን ያወጣዋልና።

ከዚያ የታጠነውን በዚሁ መንገድ ይቅመሱ። ሦስት ጊዜያትን ለይተው ይከታተሉ፤ ጭሱ መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደበረታ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ። በአንዳንዱ ውስኪ ጭሱ አፍ ሲገባ ይቀድማል፣ በሌላው መጀመሪያ ጣፋጩ መጥቶ ጭሱ የሚነሣው ከተዋጠ በኋላ ነው። በታጠነ ውስኪ አፍ ውስጥ የሚቀረው ጣዕም ብዙ ጊዜ ረዘም ስለሚል፣ በሰዓት መያዝ ጠቃሚ ነው፤ ደረቅ አመድ ሆኖ የሚያልቅና ጣፋጭ ሆኖ የሚያልቅ ጭስ አንድ አይደሉም።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ባልታጠነ ውስኪ ውስጥ ጭስ መሰል ነገር ቢያገኙ አፍንጫዎ ዋሸ ማለት አይደለም። የቦርበን በርሜሎች ውስጣቸው በእሳት ስለሚለበለብ፣ የተጠበሰ እንጨትና የተቆላ ቡና የሚመስል ሽታ ይሰጣሉ። ይህ ሽታ ከቫኒላና ከካራሜል ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ የፒቱ ግን መድኃኒትነት፣ አፈርነት ወይም አመድነት አለው።

ደረጃ 5፦ ውሃ መጨመር

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች «ውስኪ በውሃ አይበላሽም ወይ» ይላሉ። ለማነጻጸር ሲባል ውሃ ግዴታ ነው፤ በተለይ አልኮሉ ከ46 በመቶ ከበለጠ። እ.ኤ.አ. በ2017 በስዊድን የሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ባካሄዱት ጥናት፣ ጓያኮል የአልኮሉ መጠን እስከ 45 በመቶ ባለው ድብልቅ ውስጥ በአብዛኛው ከፈሳሹ ገጽ አካባቢ እንደሚቆይ፣ ከ59 በመቶ በላይ ሲሆን ግን በአልኮል ተከብቦ ወደ ውስጥ እንደሚገባ አሳይተዋል። ጓያኮል የጭሱ አንዱ ዋና ተሸካሚ ስለሆነ፣ ጠንካራ የታጠነ ውስኪ በትንሽ ውሃ ጭሱ የሚነሣበት ምክንያት በከፊል ይህ ሊሆን ይችላል።

ውሃው መዓዛና ክሎሪን የሌለው፣ የክፍል ሙቀት ያለው ይሁን። በማንኪያ ከማፍሰስ ይልቅ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠቀሙ፤ ለሁለቱም ብርጭቆ እኩል መጨመር የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው። 15 ሚሊ ሊትር በ50 በመቶ ያለውን ወደ 45 ለማውረድ 1.7 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ወደ 40 ለማውረድ 3.8 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋል። እየቀመሱ ከጎደለ መጠኑን በዚያው ልክ ይቀንሱ። አልኮላቸው የሚለያይ ውስኪዎችን እያነጻጸሩ ከሆነ ደግሞ ጠንካራውን ወደ ደካማው ያውርዱት፤ አለበለዚያ የአልኮሉን ግለት የጭሱ ኃይል አድርገው ይቆጥሩታል።

ውሃው ከገባ በኋላ 2 ደቂቃ ይታገሡና ከማሽተት ይጀምሩ። በቅዝቃዜ ያልተጣራ ውስኪ ሲቀጥን ደመና ሊሠራ ይችላል፤ ጉዳት የለውም። ያልታጠነው ብዙ ጊዜ ፍራፍሬውን ይከፍታል፤ የታጠነው ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጭሱ ወደፊት ይመጣል፣ ሌላው ጣፋጩ ይበረታና ጭሱ ይለሰልሳል። የትኛው እንደሆነ ይጻፉ፤ የእያንዳንዱ ውስኪ ጠባይ የሚታየው እዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ወደ ኋላ መመለስ

እስካሁን ከቀላል ወደ ከባድ ነው የሄድነው። አሁን አፍዎን በውሃና በአንድ ቁራሽ ነጭ ዳቦ አጽድተው፣ ሆን ብለው ከታጠነው ወደ ያልታጠነው ይመለሱ። ያልታጠነው ከመጀመሪያው ይልቅ የሚጣፍጥ፣ አንዳንዴም ገረጣ ያለ ሆኖ ይሰማል፤ የጭሱ ቅሪትም ለጥቂት ጉንጭ ይከተልዎታል። ቅደም ተከተል ፍርድን ምን ያህል እንደሚቀይር ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም፤ ስለዚህ ሰዎች ስለ አንድ ውስኪ ሲከራከሩ ከዚያ በፊት ምን እንደቀመሱ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ደረጃ 7፦ ስሙ ተሸፍኖ መለየት

ሙሉ በሙሉ የታጠነን ካልታጠነ መለየት ማንንም አይፈትንም። የሚፈትነው ትንሽ ጭስ ነው፤ የጥንዱ አልኮል እኩል መሆን የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ረዳት ሰው ይፈልጉ። ረዳቱ እርስዎ ሳያዩ በሦስት ብርጭቆዎች ክላሲክ ላዲ ይቅዳ፤ በሁለቱ 15 ሚሊ ሊትር፣ በሦስተኛው 14 ሚሊ ሊትር ካደረገ በኋላ በሦስተኛው ላይ 1 ሚሊ ሊትር ፖርት ሻርሎት በሲሪንጅ ይጨምር። የብርጭቆዎቹን ሥር በቁጥር ምልክት አድርጎ ያቀያይራቸውና ከክፍሉ ይውጣ፤ ፊቱ መልሱን እንዳይናገር ነው። ማሽተት ብቻ ይበቃል፤ መጠጣት አያስፈልግም።

ልዩ የሆነውን ብርጭቆ በግምት የማግኘት ዕድል ከሦስት አንድ ነው። ስለዚህ አንዴ ማግኘት ምንም አያረጋግጥም፤ ብርጭቆዎቹን እያቀያየሩ 6 ጊዜ ደጋግመው ቢያንስ 5ቱን ካገኙ፣ ይህ በአጋጣሚ የሚሆንበት ዕድል 2 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ፣ ጭሱን በእርግጥ ለይተውታል ማለት ነው። 1 ሚሊ ሊትሩ ከቀለለዎት ወደ ግማሽ ይውረዱ፤ ካቃተዎት ወደ 2 ይውጡ። በሁለቱ መካከል የእርስዎ አፍንጫ ጭስን የሚያውቅበት ወሰን አለ፤ ከሰው ሰው በጣም ስለሚለያይ ከጓደኛዎ ጋር አይፎካከሩበት። በድግስ ላይ ብላክ ሌብል የቀመሱ ሁሉ ይህን ትንሽ ጭስ ሳያውቁት ቀምሰውታል፤ በዚያ የተቀላቀለ ውስኪ ውስጥ ኮል ኢላን የመሰለ የታጠነ ማልት አለበትና። ከዚህ መልመጃ በኋላ ደግመው ያሽቱት።

የተረፈውን ጠርሙስ ቡሹን በደንብ ዘግተው፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡ። ከግማሽ በታች የወረደ ጠርሙስ ከአየር ጋር ሲቆይ ይለወጣል፤ በተለይ የታጠነው ጭሱ ስለሚደክም፣ ሁለተኛውን ንጽጽር ከጥቂት ወራት በላይ አያዘግዩ። ለዚያ ቀን ሄዘልበርንን፣ ስፕሪንግባንክንና ሎንግሮውን በዚህ ቅደም ተከተል ያቅርቡ፤ ሦስቱም 46 በመቶ የሆኑትን ይምረጡ፤ ውሃውንም ለሦስቱ እኩል 2 ሚሊ ሊትር ያድርጉ።